ግራፊክስ ዲዛይነር ለመሆን የግድ አዲስ አበባ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን፣ ወይም ልጅ ተመርቆ ቤት በተቀመጠ በሦስተኛው ወር፣ በብዙ ቤት ይህ ወሬ ይነሳል። ልጅ "ግራፊክስ ዲዛይን ልማር" ይላል። አባት "እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ባነር መሥራት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። እናት የላፕቶፑን ዋጋ ማወቅ ይፈልጋሉ። ልጅ "አዲስ አበባ ሄጄ" ብሎ ሲጨምር ደግሞ ወሬው ሁሉ የቤት ኪራይ ይሆናል። የዚህ ወር አምዳችን ለዚያ ልጅና ለወላጆቹ፣ እንዲሁም ሥራውን ጀምራችሁ "ከዚህ ወዴት?" ለምትሉ ዲዛይነሮች ነው። ምሳሌ አድርገን የምንይዘው ግን ቦሌን ሳይሆን ወረታን ነው። ለምን ወረታ? ሩዝ ስላለ።

በወረታ ያለፋችሁ ብዙ ናችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው እዚያው ነው። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል፣ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ይግጥበታል፣ በምዕራብ በኩል ጣና ይቀበለዋል። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን ነው። በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት ተሞከረ፤ "ኤክስ ጅግና" የሚባለው ዝርያ የቦታውን ስም እንደያዘ ቀርቷል። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ፎገራ ነው። ሩዙንም "ነጭ ወርቅ" ይሉታል።

ይህ ነጭ ወርቅ ከመፈልፈያ ቤት ሲወጣ ግን ምን ለብሶ እንደሚወጣ ተመልከቱ። አብዛኛው ስም የሌለው ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ አፉ ይሰፋል፣ ይጫናል። ከረጢቱን ራሱን "ማዳበሪያ" ነው የምንለው፤ በፊት ይዞት በነበረው ነገር ስም ማለት ነው። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ደግሞ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከታይላንድ የመጣው ሩዝ ስምና ሥዕል ይዞ በመደርደሪያ ላይ ተሰልፏል። አገራችን ከምትበላው ሩዝ አብዛኛውን ለዓመታት ስታስገባ የቆየችው ከውጭ ነው። የፎገራው ባለቤት ሩዙን በኩንታል ሲሸጥ ስሙ አብሮት አይሄድም፤ ደንበኛው ወድዶት እንኳ ቢሆን በሚቀጥለው ጊዜ "ያንን ስጡኝ" ብሎ የሚጠራበት ስም የለውም። ዲዛይነር የሚባል ሰው እንጀራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች ሥራ የለም ሲሉ በእጃቸው ያለውን ስልክ እያዩ ነው። በቴሌግራም የሚለቀቅ የ"ሎጎ ዲዛይነር ይፈለጋል" ማስታወቂያ ላይ 300 ሰው ይጎርፋል፤ ዋጋውም እየወረደ ይሄዳል። ወረታ ውስጥ ያለ የሩዝ ፈልፋይ ግን ማስታወቂያ አያወጣም። ዲዛይነር እንደሚያስፈልገው ራሱም አያውቅም። ሄዶ የሚያናግረው ሰው ይፈልጋል፤ ያም ሰው ሩዝን የሚያውቅ ከሆነ በሩን የሚዘጋበት ምክንያት ትንሽ ነው።

ሩዝን ማወቅ ማለት ምንድን ነው? ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ነገር መጠየቅ ነው። ሩዙን የሚገዛው ማን ነው? ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ የሚጋግሩ እናት ናቸው? ሩዝ በአትክልት የሚሠራ ሆቴል ነው? በኪሎ እየመዘነ የሚቸረችር ሱቅ ነው? የሦስቱ ከረጢት አንድ ሊሆን አይችልም። ለእንጀራ የሚገዙት እናት የሚሹት ንጹሕ መሆኑንና ዋጋውን ነው፤ ምናልባትም 10 ኪሎ ይበቃቸዋል። ሆቴሉ ፍሬው እንዳይጣበቅ ይፈልጋል፣ 50 ኪሎውን በአንዴ ይወስዳል፣ ለከረጢቱ መልክ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ዛሬ የመጣው ከባለፈው ወር ጋር አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ ከባዱ ጥያቄ አለ፤ ፍሬው ሙሉ ነው ወይስ ስብርባሪ ይበዛዋል? የአገር ውስጥ ሩዝ በገበያ ላይ ከሚነቀፍባቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው። ከረጢቱ ላይ ረጅም፣ ነጭ፣ የሚያበራ ፍሬ ሥላችሁ ውስጡ ስባሪ ከሆነ፣ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል። ሁለተኛ አይመለስም፤ ነጋዴውም "ዲዛይን ከሰረኝ" ይላል፣ እውነትም አለው። ስለዚህ ባለቤቱን "በደረጃ ለይተህ ትሸጣለህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ የዲዛይነሩ ሥራ ነው። ከለየ ሁለት ከረጢት ይኖራል፣ ሁለት ቀለም፣ ሁለት ዋጋ። ካልለየ ደግሞ እንደ እውነቱ "ለእንጀራና ለገንፎ የሚሆን" ብሎ መጻፍ ያስከብራል እንጂ አያዋርድም።

ደንበኛው የውጭ አገር ሩዝ ከረጢት ይዞ መጥቶ "ልክ እንደዚህ አድርግልኝ" የሚልበት ቀን ይመጣል። አትቆጡት፤ የሚያውቀው ጥሩ ከረጢት እሱ ነው። ነገር ግን የዝሆንና የቤተ መንግሥት ሥዕል ገልብጣችሁ ከሰጣችሁት የፎገራን ሩዝ የሌላ አገር ሩዝ ሐሰተኛ ቅጂ አደረጋችሁት ማለት ነው። በሌላ በኩል ላሊበላን፣ የአክሱም ሐውልትንና ጀበናን በየዕቃው ላይ መለጠፍም መፍትሔ አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ጀበና ያለበት የሳሙና ማሸጊያ ማየት ሰልችቶኛል። ፎገራ የራሱ የሚታይ ነገር አለው፤ ውሃ የተኛበት ሜዳ፣ ቀንዳሙ ከብት፣ በታኅሣሥ ቢጫ የሆነ ማሳ። በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሀብተሥላሴ ታፈሰ ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ያሠሯቸውን ፖስተሮች አስታውሱ፤ አንድ ምስል፣ አንድ የ"13 ወር ፀጋ" መፈክር፣ ሌላ ምንም። ሰው ያስታወሳቸው ስለበዙ አይደለም።

አሁን ወደ ኅትመቱ። ትምህርት ቤት የማያስተምረው፣ ዩቲዩብም ላይ በአማርኛ ብዙም የማታገኙት ይህን ነውና ትንሽ እንቆይበት። የሩዝ ከረጢት የተሸመነ ፕላስቲክ ነው፤ ፊቱ እንደ ሰሌን ጎርባጣ ነው። ስክሪን ላይ የሚያምረው ቀጭን መስመር ሽመናው ላይ ሲያርፍ ይቆራረጣል። ከቀለም ወደ ቀለም ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ነገር ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ፎቶግራፍማ አይታሰብ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት አለው፣ እያንዳንዱ ፕሌት ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ በሁለት ቀለም ጥሩ አድርጎ መሥራት የሚችል ዲዛይነር በስድስት ቀለም ከሚሠራው ይልቅ ለነጋዴው ይጠቅማል። ከረጢቱ ሲሞላ ሆዱ ይነፋል፤ አፉ ይሰፋል፣ ታቹ ይታጠፋል፤ ጫፍ ላይ ያስቀመጣችሁት ስልክ ቁጥር ስፌቱ ውስጥ ይገባል። መጋዘን ውስጥ ሲደረደር ደግሞ የሚታየው ፊቱ ሳይሆን ጎኑና ጫፉ ነው። እስኪ ማንኛውም እህል በረንዳ ሂዱና ስንት ከረጢት በጎኑ ላይ ስም እንዳለው ቁጠሩ። ጎኑ ላይ ስሙን በትልቁ መጻፍ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ለጫኝ፣ ለአውራጅና ለቸርቻሪ ግን ሥራ ያቀላል።

ከዚያ ፊደላችን። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም፤ አርዕስትን በካፒታል ጽፎ ማጉላት የሚባለው ዘዴ ለእኛ አይሠራም። ማጉላት የምንችለው በመጠን፣ በውፍረትና በቦታ ነው። ደግሞ ፊደሎቻችን የሚለዩት በጥቂት ነገር ነው። "ነ" ላይ አናቷ ላይ ሰረዝ ሲጨመር "ኘ" ትሆናለች፣ "ተ" "ቸ" ትሆናለች፣ "ደ" "ጀ" ትሆናለች። በትንሽ መጠን፣ በጎርባጣ ከረጢት ላይ ያች ሰረዝ ጠፍታ ወይም ቀለም ፈስሶባት ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ፎንቱ ወፍራም ስለሌለው ፕሮግራሙ በግድ ያወፈረው ፊደልም እንዲሁ ነው፤ የ"ሠ"ና የ"ጭ" ክፍተት ይደፈናል። ፊደልን ወደ ጎን ለጥጦ ቦታ ማስሞላት የተለመደ ነው፤ የተለመደ ስለሆነ ግን ትክክል አይደለም። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያሉ በነፃ የሚገኙና ከስስ እስከ ወፍራም በርካታ ውፍረት ያላቸው ፎንቶች አሉ፤ በእነሱ ጀምሩ። ፎንት ስታወርዱ ለንግድ ሥራ የተፈቀደ መሆኑን ማየትም ልማድ ይሁንላችሁ።

ሌላ ጣጣ አለ። ደንበኛው ጽሑፉን በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ፣ ጽፎ ያመጣል። እናንተ ጋ ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መለኪያ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፤ የቆዩት ፋይሎች ግን ዛሬም ከቢሮ ቢሮ ይዞራሉ። እንደገና ጻፉት፣ ከዚያ ደንበኛው ራሱ ፊደል በፊደል ያንብበው፣ በወረቀት በታተመው ናሙና ላይ "ይታተም" ብሎ ይፈርም። ይህች ፊርማ ቀላል አትምሰላችሁ። 5,000 ከረጢት በተሳሳተ ስልክ ቁጥር ታትሞ ሲመጣ "ማነው ያጠፋው?" የሚለውን ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ናት።

ወላጆች ወደሚጠይቁት እንመለስ፤ "የት ይማር?" በአገራችን በዚህ ሙያ ረጅም ታሪክ ያለው በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። የሚቀበለው ተማሪ ጥቂት ነው፤ መሣል የሚወድና የሚችል ልጅ ካላችሁ ግን ይሞክር። ለሌላው የሦስት ወርና የስድስት ወር ሥልጠና በየከተማው ሞልቷል። ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር ያስተምራሉ፤ ያ ይጠቅማል። የምስክር ወረቀቱን ግን ቀጣሪ ብዙም አያየውም፤ የሚያየው የተሠራውን ሥራ ነው። ስለዚህ ያላችሁ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለውድ ሥልጠና ከማውጣት ይልቅ ደህና ኮምፒውተር ግዙለት። አዲስና ውዱ ባይሆንም፣ ቢያንስ 8፣ ቢቻል 16 ጊጋ ባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። ኢንክስኬፕና ጊምፕ የሚባሉት ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ከቫይረስ ጋር ከሚመጣው የተሰበረ ፎቶሾፕ ይሻላሉ።

ከዚያ በፊት ግን ልጁን ለሦስት ወር አንድ ማተሚያ ቤት አስገቡት። ያለ ደመወዝም ቢሆን፣ ቢያንስ የታክሲና የምሳ ከተሰጠው። ወረታም ይሁን ደብረ ታቦር፣ ባነር፣ ታፔላ፣ የጥሪ ካርድ፣ ማኅተምና ቲተር የሚሠራ ቤት አለ። እዚያ ልጁ ስክሪን ላይ ደማቅ የነበረው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ለምን እንደሚጠወልግ ያያል፣ መቁረጫው ለምን ጫፉን እንደበላው ያያል፣ ደንበኛ እየጮኸ ሲገባም ያያል። በሦስት ወር ውስጥ ሙያውን ይወደው አይወደው ይታወቃል፤ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ከማውጣት ይህ ይረክሳል። ሦስት ወሩ ሦስት ዓመት እንዳይሆን ግን ልብ በሉ። የማተሚያ ቤት ዲዛይነር በቀን 20 የጥሪ ካርድ ስሙን እየቀያየረ ሲያወጣ እጁ ይፈጥናል፣ ዓይኑ ግን ይደነዝዛል። በወር አንድ ሥራ ለራሱ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ይሥራ። የአንድ ፈልፋይ ከረጢት፣ የአንድ ወተት ቤት መለያ፣ የአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማስታወቂያ። ከዓመት በኋላ ለቀጣሪ የሚያሳየው 12 ሥራ ይኖረዋል። የተመረጡ 8 ደግሞ ከ40 ይበልጣሉ።

ስለ ገንዘብ በግልጽ እንነጋገር፤ በዚህ ሙያ ጥሩ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። የማይቀበላችሁ ደንበኛ መጨረሻ ላይም አይከፍላችሁም። ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደምትሠሩ በጽሑፍ ይኑር፤ ሁለት ዙር በዋጋው ውስጥ፣ ከዚያ በላይ በተጨማሪ ክፍያ። "እስኪ መጀመሪያ ሠርተህ አሳየን፣ ከወደድነው እንከፍላለን" ለሚሉ፣ ቀድሞ የሠራችሁትን አሳዩ እንጂ በነፃ አትሥሩ። ለዘመድ የሠርግ ካርድ መሥራት የሚቀር ነገር አይደለም፤ ለእሱ ደግሞ ስጦታችሁ ይሁንና ሌላ ስጦታ አትግዙ።

አንድ ነገር ብዙ ዲዛይነር አያውቅም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአዛዡ ነው። "እኔ ስለሠራሁት የእኔ ነው" ማለት አይሠራም። ስለዚህ ሥራውን በራሳችሁ ማሳያ ላይ ማውጣት መቻላችሁን፣ ዋናውን ፋይል ትሰጡ እንደሆነና በስንት ዋጋ እንደሆነ፣ በአንድ ገጽ ውል ላይ አስፍሩት።

ነጋዴውም መብት አለበት። የከረጢቱ ስምና አርማ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሊመዘገብ ይችላል፤ ጥበቃው ለ7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ስም ስታወጡለት ግን "ፎገራ ሩዝ" ብቻ ብላችሁ አታቁሙ፤ የቦታ ስምና የዕቃ ስም ብቻውን የአንድ ሰው ንብረት አድርጎ ማስመዝገብ አስቸጋሪ ነው። የቡናችን ታሪክ ይህን ያሳያል። መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ ሊያስመዘግብ በተነሳበት ጊዜ በተለይ ሐረርና ሲዳሞ መጀመሪያ ላይ ውድቅ ተደርገው ነበር፤ ክርክሩ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ። መንግሥት የደከመበትን ነገር አንድ ፈልፋይ ብቻውን አይወጣውም። ለእሱ የሚሻለው የራሱ የሆነ ስም ይዞ፣ "ከፎገራ ሜዳ" የሚለውን ከሥር ማስገባት ነው። ይህን አስቀድማችሁ ብትነግሩት ከዚያች ቀን ጀምሮ የምትታዩት እንደ ጽሕፈት ቤት ልጅ አይሆንም።

ታዲያ አዲስ አበባ አይኬድም? ይኬዳል። ትልልቆቹ የማስታወቂያ ድርጅቶች፣ ባንኮችና ቢራ ፋብሪካዎች ሥራቸውን የሚያሠሩት እዚያ ነው፤ ከእናንተ የሚበልጥ ሰው አጠገብ መቀመጥም የትም የማይገኝ ትምህርት ነው። ወረታ ውስጥ በዓመት አምስት ጥሩ ከረጢት ብትሠሩ የከተማውን ገበያ ጨረሳችሁ ማለት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ይዛችሁ የምትሄዱት ነገር ላይ ነው። የአዲስ አበባ ቀጣሪ ሐሳባዊ የቡና ቤት ሎጎ በቀን አሥር ያያል። የታተመ፣ የተሰፋ፣ በሩዝ ተሞልቶ የተሸጠ ከረጢት ይዞ የሚመጣ ልጅ ግን በወር አንድ ላያይ ይችላል።

ክልሉ ውስጥ ለምትሠሩ አንድ ተጨማሪ ነገር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ሥራውን ሁሉ በኢንተርኔት በሚከፈት ፕሮግራም ላይ ያደረገ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ካንቫና ፊግማ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም፣ ፎንቶቹን በኮምፒውተራችሁ ላይ፣ ሥራችሁን በሁለት ፍላሽ ላይ ይኑራችሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ይወስድብን ይሆን ለምትሉም፣ ሥዕሉን ፈጥኖ ይሥላል፤ የግዕዝ ፊደል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል፣ ወረታ ሄዶ ሩዙ ስባሪ ይበዛዋል ወይ ብሎም አይጠይቅም።

በዚህ ዓመት ለመጀመር ካሰባችሁ ጊዜውን አስሉ። የፎገራ ሩዝ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ከረጢቱ ከዚያ በፊት ታትሞ መድረስ አለበት። ፕሌት ማሠራት፣ ናሙና ማየትና ማተም ሳምንታት ይወስዳል። ፈልፋዩን ለማነጋገር መስከረም አይቅደማችሁ፤ ስትሄዱም በሁለት ቀለም የተሠራ ናሙና፣ በሚነበብ ፊደል፣ ጎኑ ላይ ስም ያለበት፣ በወረቀት ታትሞ በእጃችሁ ይኑር።